የኤሌክትሪክ ጊታር ጥቅልል ገመድ አመራረጥ

እንደ ስልክ ገመድ የተጠቀለለው የኤሌክትሪክ ጊታር ገመድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ጂሚ ሄንድሪክስን የመሳሰሉ ተጫዋቾች ይዘውት የታዩ ሲሆን፣ ዛሬም ፈላጊ አላጣም። ይሁን እንጂ ነጋዴው በመልኩ ብቻ ተማርኮ ያስመጣው እንደሆነ፣ ገዢው «ድምፁ ታፈነብኝ» ሲል ሊመልስበት ይችላል።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። በመካከለኛው ሽቦና በዙሪያው በተሸረበው የመዳብ መከለያ መካከል ኤሌክትሪክ ይከማቻል፤ ይህም ካፓሲታንስ ይባላል። ሽቦው በረዘመ ቁጥር ካፓሲታንሱ እየጨመረ፣ ባትሪ የሌለው ጊታር የሚሰጠውን ቀጭን ድምፅ ይቀንሳል። ጥቅልሉ ደግሞ ብዙ ሜትር ሽቦ በአጭሩ ሰብስቦ የያዘ ነው። በሜትር 100 ፒኮፋራድ ያለው ሽቦ 3 ሜትር ቢሆን 300፣ 9 ሜትር ቢሆን ግን 900 ፒኮፋራድ ይሆናል። ለስለስ ያለ ድምፅ የሚሹ ተጫዋቾች ይህንኑ ይወዱታል፤ ቢሆንም ገዢው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ስለዚህ አስመጪው ትእዛዙን ከመላኩ በፊት የሽቦውን እውነተኛ ርዝመትና ጠቅላላ ካፓሲታንሱን ከፋብሪካው ይጠይቅ። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሜትር አንዳንድ ጊዜ ገመዱ እስከ መጨረሻው ሲሳብ የሚደርስበት ነው፤ እንደዚያ ተወጥሮ ግን ጊታሩን ወደ ኋላ ይጎትታልና ማንም አይጫወትበትም። ናሙናው ተስቦ ሲለቀቅ ወዲያው ወደ ጥቅልሉ መመለስ አለበት። መከለያው የሳሳ እንደሆነ ከውጭ ጩኸት ያስገባል። ፕለጉም 6.35 ሚሊሜትር ይሁን። ከአምፕሊፋየር ወደ ስፒከር ለሚሄደው መስመር ግን፣ ሽቦው ቀጭን ነውና፣ ይህ ገመድ ፈጽሞ አይሸጥም።