ዘመም ያለ ፊደልና የግዕዝ እግሮች፦ ዳሰሳ

ማስታወቂያ ወይም የሠርግ ጥሪ ኮምፒውተር ላይ የሚያዘጋጅ ሰው ጽሑፉን በአንድ ቁልፍ ወደ ቀኝ ማዝመም ይችላል። የግዕዝ ፊደል ግን ለዚያ አልተቀረጸም።

ሰያፍ (ዘመም ያለ) የላቲን ፊደል የጣሊያን ልጅ ነው። አልዱስ ማኑቲየስ እ.ኤ.አ. በ1501 ቬኒስ ውስጥ፣ ፍራንቼስኮ ግሪፎ ከእጅ ጽሑፍ በቀዳው ሰያፍ ፊደል መጽሐፍ አሳተመ። ጫፉ ጌጥ አልባ የሆነው ሳንስ ሴሪፍ በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1816 በዊልያም ካዝሎን አራተኛ ታተመ። ዛሬ የሁለቱ ቅልቅል የመጽሐፍ ርዕስን፣ የባዕድ ቃልንና የሥዕል መግለጫን ይለያል፤ በስፖርትና በትራንስፖርት ማስታወቂያም ፍጥነትን ያሳያል። ጥሩ ፊደል ቀራጭ ፊደሉን 12 ዲግሪ ያህል ካዘመመ በኋላ የተጣመሙ ክቦችንና የተዛቡ ውፍረቶችን በእጁ ያስተካክላል።

የግዕዝ ጽሕፈት ለማጉላት ማዝመም አላስፈለገውም። የጎንደር ዘመን ጸሐፍት ብራና ላይ በመቃ ብዕር ቁም ጽሕፈት ሲጽፉ፣ ቅዱሳን ስሞችንና የምዕራፍ መጀመሪያዎችን በቀይ ቀለም ይለዩ ነበር። ዮሐንስ ፖትከን እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ ባሳተመው የግዕዝ መዝሙረ ዳዊትም ፊደሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የጽሕፈት መኪና ሲመጣ የማጉላቱን ሥራ ከሥር የሚሰመር መስመር ወሰደ።

ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 የኮምፒውተር ጽሕፈት መስፈርት በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ በኋላ የፎንት (የፊደል ቅርጽ) ምርጫው ሰፋ። ጆን ሀድሰንና ጀራልዲን ዌድ የሠሩት ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር መጣ፤ በዊንዶውስ 8 ኤብሪማ ግዕዝን ጨመረ። የጉግል ኖቶ ሳንስ ደግሞ ከቀጭን እስከ እጅግ ደማቅ ዘጠኝ ውፍረት አለው። ሦስቱም ግን ሰያፍ ግዕዝ የላቸውም፤ ቁልፉ ሲጫን ፕሮግራሙ ቀጥ ያለውን ፊደል በሒሳብ ይገፋዋል።

ችግሩ የሚጎላው እግር ላይ ነው። ባ ቀኝ እግሩ፣ ቦ ግራ እግሩ ይረዝማል፤ ቡ ወገቡ ላይ፣ ቢ እግሩ ሥር ምልክት አለው፤ ቤ ቀለበት ያንጠለጥላል። ፊደሉ ወደ ቀኝ ሲዘም እግሩ ወደ ግራ ይሸሻል። የቦ እግር የጎረቤቱን ፊደል ይጠጋል፤ የባ እግር ወደ ገላው ሥር ይገባል፤ የቤ ቀለበት ይጣመማል። በትንሽ መጠን ሲታተም ዓይን አናባቢውን የሚለይበት ፍንጭ ይደበዝዛል።

ስለዚህ ሰያፍ ግዕዝ ተገቢ ቦታው አርማ፣ ርዕስና ጥቂት ቃላት ያሉት ትልቅ ማስታወቂያ ነው፤ እዚያም ቢሆን እግሮቹና ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ሊታረሙ ይገባል። በመጽሐፍና በጋዜጣ ገጽ ላይ ደማቅ ፊደል፣ ትምህርተ ጥቅስ ወይም ቀይ ቀለም ሥራውን ይሠራል። ፊደል ቀራጮቻችን ሰያፍ ግዕዝ ለመሥራት ከተነሡ መነሻቸው የላቲን ማዕዘን ሳይሆን የእግሮቹ ርቀት ይሁን።