ሳህን ያጡት ቀማሾች

አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የኦሊምፒክ ማራቶን ወርቁን ቶኪዮ ላይ ካጠለቀ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1966፣ ሞሞፉኩ አንዶ የሚባል ጃፓናዊ ነጋዴ ሎስ አንጀለስ ገባ። የያዘው ደረቅ ራመን፣ ማለትም በመረቅ የሚበላ የጃፓን ኑድል ነበር። የሱፐርማርኬት ሰዎችን አስቀምሶ ገበያ ሊከፍት አስቧል። ጣጣው የመጣው ገና ከጅምሩ ነው፤ ራመን የሚቀርብበት ጎድጓዳ ሳህን በአካባቢው አልተገኘም።

ፈረንጆቹ ግን አልተጨነቁም። ደረቁን ኑድል ሰባብረው የወረቀት ኩባያ ውስጥ ከተቱ፤ የፈላ ውሃ አፈሰሱበት፤ በሹካ እያነሱ በሉት። ሲጨርሱም ኩባያውን ጣሉት። አንዶ የራሱን ምግብ እንደ እንግዳ ቆሞ ተመለከተ። ኑድሉን ወደዱለት፣ አልወደዱለት የሚለው ጥያቄ በዚያች ቅጽበት ከሐሳቡ ወጣ።

የሰው እጅ አይቶ መንገዱን ሲቀይር ይህ የመጀመሪያው አልነበረም።

በ1957 አንዶ የ47 ዓመት ጎልማሳ ሳለ፣ በሊቀመንበርነት የሚመራው የብድር ተቋም ከስሮ ባዶ እጁን ቀረ። የተረፈው ነገር ቢኖር ኦሳካ አጠገብ፣ ኢኬዳ ከተማ ያለው መኖሪያው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ጀምሮ ግን አንድ ነገር ከዓይኑ አልጠፋም፤ በተቃጠለችው ኦሳካ፣ በብርድ ሌሊት፣ አንድ ሳህን ራመን ለማግኘት ረጅም ሰልፍ የያዙ ሰዎች። እነዚያ ሰዎች ቤታቸው ቁጭ ብለው፣ የፈላ ውሃ ብቻ ጨምረው ራመን ቢያገኙስ? ጓሮው ውስጥ አነስተኛ ዛኒጋባ ሠራ፤ ያገለገለ የኑድል ማሽንና ትልቅ መጥበሻ ገዛ። ሙያው ግን አልነበረውም።

መጀመሪያ የዶሮ መረቁን ከዱቄቱ ጋር አቦካው። ሊጡ ተበጣጥሶ አልዘረጋ አለ። ጣለው፤ እንደገና አቦካ፤ እንደገና ጣለ። በስተኋላ ኑድሉን በእንፋሎት ካበሰለ በኋላ በአትክልት ማጠጫ መረቁን ያርከፈክፍበት ጀመር። ጣዕሙ በዚህ ተፈታ። የባሰው ግን ገና ነበር፤ ኑድሉ ወራት ሳይበላሽ እንዲቆይ አጥንት እስኪመስል መድረቅ ነበረበት፤ ውሃ ሲያገኝ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ መለስለስ። አንዱን ሲያገኝ ሌላው ያመልጠዋል። በቀን አራት ሰዓት ያህል ብቻ እየተኛ ወራት አለፉ።

አንድ ቀን ሚስቱ ማሳኮ ማጀት ውስጥ ቴምፑራ ስትጠብስ ቆሞ ተመለከተ። ሊጥ የተቀባው ምግብ ዘይቱ ውስጥ ሲገባ አረፋው ይንጫጫል። ይህን ሺህ ጊዜ አይቶት ይሆናል፤ ያን ቀን ያየው ግን ችግሩ ሌሊቱን ሙሉ ያንገላታው ሰው ዓይን ነበር። አረፋው ውሃ ነው! ከሊጡ እየወጣ የሚሄድ ውሃ።

ወደ ዛኒጋባው ሮጦ ኑድሉን ዘይት ውስጥ ጨመረው።

ውሃው ተንኖ ሲወጣ ኑድሉ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ትቶ ሄደ። የእንጀራ ዓይን ወጡን እንደሚጠጣ ሁሉ፣ እነዚያ ቀዳዳዎች የፈላውን ውሃ ምጥጥ አደረጉት። ነሐሴ 25 ቀን 1958 (እ.ኤ.አ.) ቺክን ራመን በ35 የን ለገበያ ቀረበ። አከፋፋዮቹ ተወደደ ብለው ፊታቸውን አዞሩ፤ የቀመሰው ሰው ግን «አስማተኛው ራመን» አለው።

ዶሮን የመረጠበት አንዱ ምክንያት ሂንዱው የከብት፣ ሙስሊሙ የአሳማ ሥጋ ስለማይበላ፣ ዶሮን ግን የሚከለክል ሃይማኖት የለም ብሎ ስላሰበ ነው። ማን ባረደው የሚለውንና የረቡዕና የዓርብን ጾም የነገረው ያለ አይመስልም። ዛሬ ለቡ መብራት ኃይል ሱቅ ገብቶ «ኢንዶሚ» የሚል ልጅ የሚጠራው የኢንዶኔዥያ የንግድ ምልክት ነው፤ በዘይት የማድረቁ ዘዴ ግን ከማሳኮ ማጀት የተነሣ ነው።

ሎስ አንጀለስ ላይ የታየው ኩባያ ሌሎች ዓመታት በላ። ክዳኑ ከምን ይሠራ? መልሱ አንዶ ከአሜሪካ ሲመለስ አውሮፕላን ውስጥ ተገኘ። አስተናጋጇ የሰጠችው የማከዴሚያ ለውዝ ከላይ በወረቀትና በአሉሚኒየም ተለብጦ ታሽጓል። ዕቃውን ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ደግሞ ኑድሉ እንቢ አለ። በመንገድ እንዳይሰባበርና ውሃው ከሥሩ እንዲዘዋወር፣ አንዶ ኑድሉ ኩባያው ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ እንዲቀር ፈለገ። ኩባያው ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ፣ ኑድሉም ከላይ ሰፋ ያለ ሆኖ ተሠራ። ከላይ ሲጨምሩት ግን ያዘነብላል፤ ይገለበጣል። አንድ ሌሊት አልጋው ላይ ተጋድሞ ይህንኑ ሲያሰላስል፣ ጣሪያው ተገልብጦ ወለል የሆነ መሰለው።

ኑድሉን ኩባያ ውስጥ ማስገባት ለምን? ኑድሉ ተቀምጦ ይጠብቅ፤ የሚወርድበት ኩባያው ይሁን!

ከፕ ኑድል በመስከረም 1971 (እ.ኤ.አ.) በ100 የን ወጣ። የከረጢቱ ራመን 25 የን ገደማ ይሸጥ ስለነበር ሱቆቹ ዳግመኛ አንገራገሩ። በየካቲት 1972 ግን የታጠቁ አክራሪዎች ጃፓን ውስጥ «አሳማ» በሚባለው ተራራ አጠገብ በረዶ በሸፈነው ማረፊያ ውስጥ ሰው አግተው ለአሥር ቀን መሸጉ። የከበቧቸው ፖሊሶች የተላከላቸው ምሳ እየበረደ ድንጋይ ሲሆንባቸው፣ እንፋሎቱ የሚወጣ ኩባያ ይዘው በሹካ ሲበሉ አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን አያቸው። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሊገዛ የሚችል ገንዘብ የነበረው ድርጅት የነበረ አይመስለኝም።

በ2005 የጠፈር ተመራማሪው ሶይቺ ኖጉቺ ራመን ይዞ በዲስከቨሪ መንኮራኩር ወጣ። እዚያ የሚገኘው ውሃ 70 ዲግሪ ገደማ እንጂ የፈላ አይደለም፤ ስለዚህ በዚያው ሙቀት የሚለሰልስ፣ መረቁም ወፍሮ በአየር የማይንሳፈፍ ኑድል ተሠራለት። ሥራውን ያስጀመረው አንዶ ያን ጊዜ 95 ዓመቱ ነበር።