የዘይት ማቀዝቀዣ ጎሚኒ በጊዜው ካልተለወጠ ሞተር ያሳጣል

የማኅበር መኪና የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። በሰኔ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከዩኒየን መጋዘን ወደ መሠረታዊ ማኅበሩ የሚያደርሰው፣ በጥር እህል ወደ ገበያ የሚያወጣው፣ ሲያስፈልግም ታማሚን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያጓጉዘው እርሱ ነው። ስለዚህ መኪናው በሥራ ወራት አንድ ሳምንት ቢቆም ከሁሉ በፊት የሚጎዳው መሬቱን አለስልሶ ማዳበሪያ የሚጠብቀው አባል ነው።

የናፍጣ መኪና ከሥራ ውጭ ከሚሆንባቸው ምክንያቶች አንዱ ሲጀምር ከቁም ነገር የማይቆጠር ነው። ማለዳ መኪናው ካደረበት ቦታ ሲነሣ መሬት ላይ ጥቂት የዘይት ጠብታ ይታያል። ሾፌሩ ዘይት ጨምሮ ይሄዳል። በሳምንቱ እንደገና ይጨምራል። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥም የዘይት ደረሰኝ እየተቀበለ ያወራርዳል። ጠብታው ከየት እንደመጣ ግን የሚጠይቅ የለም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሞተሩ መንገድ ላይ ሲነክስ፣ ምክንያቱ በዘይት ማቀዝቀዣው ላይ ያለች አንዲት ያረጀች ጎሚኒ ሆና ልትገኝ ትችላለች።

ዘይትና ውሃ ጎን ለጎን የሚያልፉበት ቦታ

የናፍጣ ሞተር ዘይት ሥራው ማለስለስ ብቻ አይደለም፤ ሙቀትንም ይሸከማል። በፒስተኖቹና በኮሎው አካባቢ የጋለው ዘይት ከመጠን በላይ ከሞቀ ይቀጥናል፤ የቀጠነ ዘይትም ብረትን ከብረት ለይቶ ማቆየት ያቅተዋል። ስለዚህ በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ላይ በተለምዶ ኦይል ኩለር የሚባል የዘይት ማቀዝቀዣ ተገጥሟል። በውስጡ ዘይቱ በቀጫጭን የብረት ሰሌዳዎች መካከል ሲያልፍ የራዲያተሩ ውሃ ደግሞ በሰሌዳዎቹ ውጭ ያልፋል። አረቄ ሲወጣ እንፋሎቱን የሚቀበለው ዕቃ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ እዚህም ሁለቱ ፈሳሾች ሳይቀላቀሉ ሙቀት ብቻ ይለዋወጣሉ።

ሁለቱን ለያይተው የሚያቆዩት በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ያሉት ጎሚኒዎች፣ ኦሪንጎችና ጋስኬቶች ናቸው። እነዚህ ዕቃዎች ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ይግላሉ፣ በቆመ ቁጥር ይቀዘቅዛሉ። ዓመታት ሲያልፉ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ እንደ ፕላስቲክም ይሰባበራል። ዘይት ሳይለወጥ ብዙ ኪሎ ሜትር ከተነዳ፣ ወይም በራዲያተሩ ውስጥ በማቀዝቀዣ ፈሳሽ ፋንታ የወንዝ ውሃ ብቻ ከተጨመረ ጉዳቱ ይፋጠናል። የወንዝ ውሃ ዝገትና ደለል እየፈጠረ ጎሚኒው የሚያርፍበትን ብረት ይበላዋልና።

ሁለት ዓይነት መፍሰስ

የመጀመሪያው ወደ ውጭ መፍሰስ ነው። ዘይቱ በማቀዝቀዣው ክዳን ዙሪያ ይወጣና በሞተሩ ጎን ይወርዳል። ይህ በዐይን ስለሚታይ የተሻለው ነው።

ሁለተኛው ወደ ውስጥ መፍሰስ ሲሆን የከፋውም እርሱ ነው። ሞተሩ ሲሠራ የዘይቱ ግፊት ከውሃው ግፊት ስለሚበልጥ ዘይቱ ወደ ውሃው ይገባል። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ግፊት ወዲያው ይወድቃል፤ በጋለው ራዲያተር ውስጥ ያለው ግፊት ግን ወዲያው አይበርድም። በዚህ ጊዜ ውሃው ተራውን ወደ ዘይቱ ሊገባ ይችላል። ውሃ የገባበት ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ቡና ይመስላል፤ የማለስለስ ኃይሉም ይደክማል። በዚህ ሁኔታ የተነዳ ሞተር የኮሎውን ኩሽኔታዎች ይበላል፤ በመጨረሻም ይነክሳል።

የማኅበር መሪ መካኒክ እንዲሆን አይጠበቅበትም። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ማየት አያቅተውም። ማለዳ ሞተሩ ሳይነሣ የራዲያተሩ ክዳን ተከፍቶ በውሃው ላይ የዘይት ሽፋን ወይም ቡናማ ክሬም ይታይ እንደሆነ መመልከት አንዱ ነው። የዘይት መለኪያው ዘንግ ተስቦ የዘይቱን መልክና መጠን ማየት ሁለተኛው ነው። ሳይጨመር ከፍ ያለ ዘይት ጥሩ ምልክት አይደለም፤ ውሃ ገብቶበት ይሆናል። ክዳኑ ግን ሞተሩ እንደጋለ በፍጹም መከፈት የለበትም፤ የሚወረወረው የፈላ ውሃ ፊትን ያቃጥላል። ዘይቱ ነጭ መስሎ ከተገኘ ደግሞ መኪናው በራሱ ኃይል ወደ ከተማ መነዳት አይገባውም፤ ተጎትቶ መሄድ አለበት።

ከመፍታት በፊት ምንጩን ማግኘት

ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ የሚነሣው ነፋስም ወደ ኋላ ይገፋዋል። በዚህ ምክንያት የሚንጠባጠብበት ቦታ የሚፈስበት ቦታ ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. የወጣው ኦ ኤም 642 የተባለው የመርሴዲስ የናፍጣ ሞተር ለዚህ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ይህ ሞተር 6 ሲሊንደሮች ያሉት ሲሆን የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል ባለው ሸለቆ ውስጥ ነው። ጎሚኒው ሲያረጅ ዘይቱ በሸለቆው ውስጥ ይጠራቀምና በሞተሩ ጀርባ፣ ካምቢዮው በሚገጠምበት በኩል ይወርዳል። ይህን ያየ መካኒክ የኮሎው የኋላ ጎሚኒ የፈሰሰ መስሎት ካምቢዮ ሊያወርድ ይችላል፤ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በዚያው ሞተር ላይ የነበረው ብርቱካናማ ጎሚኒም በኋላ ሙቀትን የበለጠ በሚቋቋም ሐምራዊ ጎሚኒ ተተክቷል። ይህም የላስቲኩ ዓይነት ራሱ ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ ያሳያል።

በገጠር በብዛት በሚታዩት እንደ ላንድ ክሩዘር ባሉ መኪኖችም ላይ አሠራሩ ያው ነው። ሞተሩ በሳሙናና በውሃ በጥንቃቄ ይታጠባል፤ ይደርቃል። ከዚያም ተነሥቶ እስኪሞቅ ይቆያል፤ በመብራትም ከላይ ወደ ታች ይፈተሻል። የመጀመሪያው እርጥበት ከሁሉ በላይ የታየበት ቦታ ምንጩ ነው። ዘይትና ውሃ ሲቀላቀሉ ደግሞ ጥፋቱ የማቀዝቀዣው ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የቴስታታው ጋስኬት ሲቃጠልም ተመሳሳይ ምልክት ይታያል። በራዲያተሩ ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ መውጣቱ፣ ሞተሩ ቶሎ መጋሉና ከማርሚታው ነጭ ጭስ መብዛቱ ወደ ቴስታታው ያመለክታሉ።

የሥራው ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ዕቃው አስቀድሞ ይገዛል። ትክክለኛው ጎሚኒ የሚገኘው በሞተሩና በሻንሲው ቁጥር ነው፤ ሁለቱም በሊብሬው ላይ ሰፍረዋል። የማቀዝቀዣው ጎሚኒዎችና ጋስኬቶች በሙሉ፣ የዘይት ፊልትሮ፣ ዘይትና የማቀዝቀዣ ፈሳሽ አንድ ላይ መሟላት አለባቸው። ሞተሩ ከተከፈተ በኋላ ዕቃ ፍለጋ መሄድ ቀን ያባክናል።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃውም ዘይቱም በንጹሕ ዕቃ ይቀዳል። በማቀዝቀዣው ዙሪያ ያለው አቧራና ጭቃ ሳይጠረግ ምንም ብሎን አይፈታም፤ ወደ ዘይት መተላለፊያው የገባ አሸዋ ኩሽኔታ ይበላልና። ብሎኖቹ ቁመታቸው የተለያየ ሊሆን ስለሚችል በካርቶን ላይ በየቦታቸው ተሰክተው ይቀመጣሉ።

ሦስተኛ፣ አሮጌው ጋስኬት በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ይፋቃል። በመሮ ወይም በካቻቢቴ የተጫረ አልሙኒየም አዲሱንም ጎሚኒ ያስፈስሳል። ቀዳዳዎቹ በንጹሕ ጨርቅ ይደፈናሉ፤ ሲያልቅ ጨርቁ መውጣቱ ይረጋገጣል። የማቀዝቀዣው ሰሌዳም ራሱ ይፈተናል፤ አንዱ ቀዳዳ ተዘግቶ በሌላው በኩል በልክ የተመጠነ ነፋስ እየተሰጠው ውሃ ውስጥ ሲነከር አረፋ ካወጣ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ጎሚኒ ብቻ መለወጥ አይጠቅምም።

አራተኛ፣ አዲሱ ኦሪንግ ንጹሕ የሞተር ዘይት ተቀብቶ ሳይጣመም በቦታው ይቀመጣል። ከመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ተቆርጦ የተሠራ ጎሚኒ ወይም ከፍሬን ዕቃ የተወሰደ ላስቲክ እዚህ ቦታ አይገባም። የፍሬን ላስቲክ ለፍሬን ዘይት የተሠራ ስለሆነ የሞተር ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያም ይቀደዳል። ማጣበቂያ ሲሊኮን በብዛት መለቅለቅም ጎጂ ነው፤ ትርፉ ወደ ውስጥ ተቆርጦ ይገባና የዘይት መተላለፊያ ይዘጋል።

አምስተኛ፣ ብሎኖቹ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በመስቀለኛ ተራ፣ ደረጃ በደረጃ ይጠብቃሉ። መጠኑ በፋብሪካው መመሪያ የተጻፈው ነው፤ ልኩን በሚያሳይ መፍቻ ቢጠብቁ ይመረጣል። በጉልበት የጠበቀ ብሎን የአልሙኒየሙን ጥርስ ይበላል።

ስድስተኛ፣ ዘይትና የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ከተሞላ በኋላ ሞተሩ ተነሥቶ በዝግታ ይሠራል። የዘይት መብራቱ በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ ካልጠፋ ወዲያው መጥፋት ያለበት ሞተሩ ነው። ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ መጠኑ ይታያል፤ በማግሥቱም ይደገማል። ውሃ በዘይቱ ውስጥ ገብቶ ከነበረ ዘይቱና ፊልትሮው ከአጭር ጊዜ በኋላ እንደገና መለወጥ አለባቸው። ዘይት በውሃው ውስጥ ገብቶ ከነበረም የማቀዝቀዣው መሥመር ዘይት በሚያጥብ ፈሳሽ ደጋግሞ ይታጠባል፤ በዘይት ያበጡ የራዲያተር የጎማ ቱቦዎችም ይለወጣሉ።

ለከብትና ለውሃ መጠንቀቅ

ከራዲያተር የተቀዳ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ በውስጡ ኤቲሊን ግላይኮል ካለበት ጣዕሙ ጣፋጭ ሆኖ መርዝ ነው። በግቢ ውስጥ በገበቴ የተተወውን ውሻ ወይም ጥጃ ሊጠጣውና ሊሞት ይችላል፤ ሕፃናትም ከዚህ አደጋ ውጭ አይደሉም። የተቃጠለ ዘይትም ወደ መስኖ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ ከተደፋ ውሃውን ያበላሻል። ሁለቱም በየራሳቸው ጀሪካን ተከድነው፣ ምልክት ተጽፎባቸው ከከብትና ከልጆች መራቅ አለባቸው።

የመሪዎች ድርሻ

የጋራ ንብረትን መጠበቅ ለገበሬው አዲስ ጉዳይ አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበራት እንዲቋቋሙ ካደረገ በኋላ፣ በአገልግሎት የኅብረት ሥራ ማኅበራት አማካይነት ወፍጮና ሱቅ በጋራ ተይዘው ነበር። ዛሬም የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ሲሠሩ የጋራ ንብረት ጥበቃ የኮሚቴዎቻቸው ኃላፊነት ነው።

ይህ ኃላፊነት በመኪናው ላይ የሚገለጸው በአንድ ተራ ደብተር ነው። ዘይት የተጨመረበት ቀን፣ የተጨመረው መጠንና ኪሎ ሜትሩ ይጻፍበታል። በሁለት የዘይት ለውጦች መካከል የሚጨመረው መጠን ከወር ወደ ወር እያደገ ከሄደ ኮሚቴው ሾፌሩን መጠየቅ አለበት፤ ሾፌሩም ጥፋት ተገኘብኝ ብሎ ሳይፈራ እውነቱን እንዲናገር መበረታታት ይገባዋል። ጠብታውን የደበቀ ሾፌር ሞተር ያስነክሳል፤ የተናገረ ሾፌር ግን ለማኅበሩ ሞተር አተረፈ።

ከጋራዥ ጋር ስምምነት ሲደረግም ሦስት ነገሮች አስቀድመው ቢጻፉ መልካም ነው። የተለወጠው አሮጌ ዕቃ ለማኅበሩ ይመለስ፤ አዲሱ ዕቃ በደረሰኝና በቁጥሩ ይረጋገጥ፤ ክፍያውም መኪናው ሞቆ፣ ቀዝቅዞና እንደገና ተፈትሾ ደረቅ መሆኑ ሲታይ ይጠናቀቅ።

ይህ ሥራ ቢዘገይ የሚጎዳበት ጊዜ ይታወቃል። ሰኔ ሲገባ መንገዱ ይጨቀያል፣ ጭነቱ ይበዛል፣ ጋራዦችም ይጨናነቃሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ፣ የማዳበሪያው ጉዞ ከመብዛቱ በፊት፣ እያንዳንዱ ማኅበር የመኪናውን ሥር አጎንብሶ ቢያይ፣ የራዲያተሩን ክዳን ቢከፍትና የዘይቱን መለኪያ ቢስብ የሚወስድበት ጊዜ ከአንድ ስብሰባ ያነሰ ነው። ጎሚኒዋን የመለወጥ ወጪ ለማኅበር ካዝና የሚከብድ አይደለም፤ ሞተር ማሳደስ ግን ለአባላት ሊከፋፈል የሚችለውን ትርፍ ይበላል። ስለዚህ የማኅበር መሪዎች መኪናው ሥር የሚታየውን ጠብታ ዘይት በመጨመር ሳያልፉት ምንጩን ፈልገው በጊዜው ሊያስጠግኑት ይገባል።