በአረጋውያን መኖሪያ ቤት የጋራ ኑሮና ወግ፦ ለአረጋውያንና ለቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ማብራሪያ

ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡ ብዙ ወላጆች ዛሬ በእርጅና ዕድሜ ላይ ይገኛሉ። ልጆቻቸው ሥራ ይውላሉ፤ የልጅ ልጆቻቸውም በአብዛኛው የሚናገሩት ዕብራይስጥ ነው። አረጋዊው ብቻውን መዋል ሲከብደው ስለ አረጋውያን መኖሪያ ቤት መነጋገር ግድ ይሆናል። በማኅበረሰቡ ዘንድ ግን ጉዳዩን ማንሳት ቀላል አይደለም። ወላጅን በሌላ ሰው እጅ መተው እንደ ነውር ይቆጠራል፤ ወላጆችም ሰንበትን ከማን ጋር እንደሚያከብሩ፣ ምን እንደሚበሉና ማን እንደሚያነጋግራቸው ይሠጋሉ።

ሥጋቱ ተገቢ ነው። መልካም መኖሪያ ቤት የሚለየው በአልጋውና በመድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን፣ ነዋሪው እንደ እምነቱና እንደ ልማዱ መኖር በመቻሉም ጭምር ነው። ይህ ጽሑፍ በቤቶቹ ውስጥ ያለው የጋራ ኑሮ ምን እንደሚመስል፣ ቤተሰቡም ከውሳኔው በፊት ምን መጠየቅ እንደሚገባው ያብራራል።

የመኖሪያ ቤቶች ዓይነት

በእስራኤል አረጋውያን እንደ ጤንነታቸው ሁኔታ በተለያዩ ቤቶች ይኖራሉ። ራሳቸውን የቻሉ አረጋውያን "ዲዩር ሙጋን" በሚባለው የተጠበቀ መኖሪያ የራሳቸው ክፍል ወይም አፓርታማ ይኖራቸዋል። ይህ ዓይነት መኖሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው የተጠበቀ መኖሪያ ሕግ ይተዳደራል፤ ፈቃድና የጽሑፍ ውል ያስፈልገዋል። የመኖሪያ ቤት መብት ላላቸው አረጋውያን ደግሞ በመንግሥት የሚደገፉ የአረጋውያን ሆስቴሎች አሉ። "ቤት አቮት" የሚባለው ቤት የዕለት እርዳታ ለሚሹ አረጋውያን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው የመኖሪያ ተቋማት ቁጥጥር ሕግ መሠረት ክትትል ይደረግበታል። የማያቋርጥ ነርሳዊ እንክብካቤ ለሚያስፈልጋቸው አረጋውያን የተለየ የ"ሲዑድ" ክፍል ይኖራል።

የዕለት ኑሮ

ነዋሪዎች አብዛኛውን ጊዜ በጋራ የመመገቢያ አዳራሽ ይመገባሉ። ቀኑ በጸሎት፣ በቀላል የሰውነት እንቅስቃሴ፣ በእጅ ሥራ፣ በትምህርትና በዘመድ ጥየቃ ያልፋል። በብዙ ቤቶች ምኩራብ አለ። ዐሥር ወንዶች ሲገኙ የማኅበር ጸሎት ስለሚደረግ፣ በማለዳ ተነሥቶ ወደ ጸሎት የሚሄድ አንድ አረጋዊ ለሌሎችም አስፈላጊ ሰው ይሆናል። ስፍራውን አንድ ቀን ቢለቅ "ዛሬ ምን ሆኑ?" ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ለብቸኝነት ትልቁ መድኃኒት ይህን የመሰለ መፈላለግ ነው።

የካሽሩት ሥርዓት በሚጠበቅበት ቤት የሥጋና የወተት ምግብ በተለያየ ዕቃ ይዘጋጃል፤ ይቀርባልም። ስለዚህ ቤተሰብ ከቤቱ ያመጣውን ወጥ ወደ ጋራ ወጥ ቤት ወይም አዳራሽ ማስገባት ላይፈቀድለት ይችላል። በአረጋዊው ክፍል መመገብ ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ቅሬታን ያስቀራል። ቄስ ያረደውን ሥጋ ብቻ የሚበሉ አረጋውያንም ይህን ሲገቡ ማሳወቅ ይገባቸዋል።

ሰንበት

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ለሰንበት ይዘጋጃል። ገበታው ነጭ ጨርቅ ይለብሳል፤ ሴቶች ሻማ ያበራሉ፤ በወይን ላይ ቡራኬ ይደረጋል። ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ነዋሪዎች በየፎቁ በራሱ የሚቆም የሰንበት አሳንሰር ያላቸው ቤቶች አሉ።

በኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል ከሰንበት በፊት እሳት ያጠፉ፣ ቀድሞ የተዘጋጀውን ምግብም ሳያሞቁ ይበሉ ነበር። ስለዚህ የሚበራ ሻማ ወይም በሰንበት ትኩስ ሆኖ የሚቀርብ ምግብ አንዳንድ አረጋውያንን ያሳስባቸዋል። ሻማው የሚበራው ሰንበት ከመግባቱ በፊት፣ ምግቡም የሚቀመጠው ቀድሞ በበራ ማሞቂያ ላይ መሆኑን በቋንቋቸው ማስረዳት ይጠቅማል። ቀዝቃዛ ምግብ የሚመርጥ ነዋሪም ያንኑ እንዲቀርብለት መጠየቅ ይችላል። የሰንበት ዳቦ ከቤተሰብ እንዲመጣ ከተፈለገ ከቤቱ አስተዳደር ጋር መስማማት ያሻል።

በዓላትና ጾም

ብርሃን ሠረቀ በሮሽ ሀሻና፣ አስተስርዮ በዮም ኪፑር፣ በዓለ መጸለት በሱኮት ስም ሲከበሩ አረጋውያን የሚያውቁትን በዓል በአዲስ መልክ ያገኙታል። ሐኑካ ግን በኢትዮጵያ ያልነበረ በዓል ስለሆነ፣ ከመከበሩ በፊት ትርጉሙን ማስረዳት አረጋዊው እንግዳ እንዳይሆን ይረዳዋል።

በፋሲካ ሳምንት ቤቱ ከእርሾና ከቦካ ነገር ሁሉ ይጸዳል። በነዚህ ቀናት ቤተሰቦች እንጀራም ሆነ ዳቦ ይዘው እንዳይመጡ ይጠየቃሉ።

ጾምን በሚመለከት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት አረጋዊ ሳያማክር ቢጾም ወይም መድኃኒቱን ቢተው ሕይወቱ ለአደጋ ይጋለጣል። በአይሁድ ሕግ ነፍስን ማዳን ከጾም ይቀድማል። ሐኪሙ አስቀድሞ እንዲያውቅ፣ አረጋዊውም ከሚያከብረው ቄስ ወይም ረቢ ቃሉን እንዲሰማ ማድረግ ተመራጭ ነው።

ስግድ የሚከበረው ከዮም ኪፑር በኋላ በሃምሳኛው ቀን፣ ሔሽቫን 29 ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ሕግ የመንግሥት በዓል ሆኗል። ወደ ኢየሩሳሌም መሄድ የሚችል ነዋሪ መጓጓዣና አጃቢ ያስፈልገዋል፤ መሄድ ለማይችል ደግሞ በቤቱ ውስጥ ጸሎትና የጋራ ማዕድ እንዲዘጋጅ መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ቢቀርብ ለዝግጅት ይመቻል።

ቡና፣ ቋንቋና አክብሮት

ቡና ማፍላት መጠጥ ማዘጋጀት ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚገናኝበት፣ የሚመካከርበትና የሚታረቅበት ጊዜ ነው። በክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ ለእሳት አደጋ ያጋልጣል። በጋራ አዳራሽ በኤሌክትሪክ ምድጃ ማፍላት ግን ሌሎች ነዋሪዎችንም ወደ አንድ ማዕድ ያቀርባል።

በዕብራይስጥ "አንተ" እና "እርስዎ" ተለይተው አይነገሩም። ተንከባካቢው አረጋዊውን በስሙ ቢጠራው ንቀት አይደለም፤ ሆኖም ቤተሰቡ "አባባ" ወይም "እማማ" ተብለው እንዲጠሩ መጠየቅ ይችላል። ሌላም ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። ብዙ አረጋውያን "እንዴት ነዎት?" ሲባሉ ቢያማቸውም እንኳ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብለው ዝም ይላሉ። ሠራተኞች ይህን ካላወቁ ሕመሙ ሳይታከም ይቆያል። ለሐኪም ምርመራ አስተርጓሚ ይጠየቅ፤ የልጅ ልጅን ለማስተርጎም ማስገደድ አረጋዊውን ያሳፍራል፤ የሕመሙን ምሥጢርም እንዲደብቅ ያደርገዋል።

መርዶና ኀዘን

በማኅበረሰቡ ልማድ የሞት ዜና በስልክ ወይም በድንገት አይነገርም፤ ሽማግሌዎችና ዘመዶች ተሰብስበው መርዶ ይነግራሉ። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ በቅን ልቦና ዜናውን ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ መርዶ የሚነገረው በቤተሰቡ በኩል ብቻ እንደሆነ በአረጋዊው ፋይል ውስጥ እንዲጻፍ ያድርጉ። ነዋሪው በለቅሶው፣ በሰባቱ የኀዘን ቀናትና በተዝካሩ የሚገኝበት መንገድም አብሮ ይታሰብ።

ከመወሰን በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤቱን ሲጎበኙ አረጋዊው አብሮ ይምጣ፤ ከተቻለ በዓርብ ቀን ይሁን። የሚከተሉትን ይጠይቁ፦

• አማርኛ ወይም ትግርኛ የሚናገር ሠራተኛ ወይም ነዋሪ አለን?
• የካሽሩት ቁጥጥር የማን ነው? ከቤት የመጣ ምግብስ የት ይበላል?
• ቄስ መጥቶ መጸለይና ማጽናናት ይችላልን?
• ብዙ ዘመድ በአንድ ጊዜ ለመጠየቅ ቢመጣ የሚቀመጥበት ስፍራ አለን?
• የነዋሪዎች ኮሚቴ አለን?
• ወርሐዊው ክፍያ ምን ምን ይሸፍናል? ተቀማጭ ገንዘብ ካለ፣ ነዋሪው ሲለቅ ምን ያህሉ ይመለሳል?

በቃል የተሰጠ ተስፋ በቂ አይደለም። ለአረጋዊው ዋጋ ያላቸው ጉዳዮች በውሉ ወይም በግል የእንክብካቤ ዕቅዱ ውስጥ ይጻፉ። ውሉ በዕብራይስጥ ከሆነ የሚተረጉምልዎ ሰው ሳያገኙ አይፈርሙ።

ማመልከቻ የሚቀርብበት ስፍራ

ወደ ቤት አቮት ለመግባት በመጀመሪያ በሚኖሩበት ከተማ አስተዳደር የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል የሚገኘውን ማኅበራዊ ሠራተኛ ያነጋግሩ። የነርሳዊ እንክብካቤ ጉዳይ የሚታየው በጤና ሚኒስቴር የአካባቢ ጽሕፈት ቤት ነው። የመንግሥት እርዳታ መጠን የሚወሰነው ገቢ ተመርምሮ ነው።

መግባት ግዴታ አይደለም። በቤታቸው መኖርን ለሚመርጡ ከብሔራዊ ኢንሹራንስ ተቋም (ቢቱዋሕ ሌዑሚ) የሚሰጥ የሲዑድ ድጎማ፣ የአረጋውያን የቀን ማእከልና የአደጋ መጥሪያ ቁልፍ ያለው የማኅበረሰብ ድጋፍ አገልግሎት አለ። አረጋዊው ፈቃዱን የመግለጽ መብት አለው፤ ውሳኔውም ከእርሱ ጋር እንጂ በእርሱ ላይ ሊወሰን አይገባም።

ቅሬታ ካለ

በመጀመሪያ ለቤቱ ማኅበራዊ ሠራተኛ ወይም ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ቅጂውንም ይያዙ። መፍትሔ ካልተገኘ ወደ ደኅንነትና ማኅበራዊ ዋስትና ሚኒስቴር የስልክ መስመር 118 ይደውሉ። ለነርሳዊ እንክብካቤ ክፍሎች የጤና ሚኒስቴር መስመር *5400፣ ለሲዑድ ድጎማ ደግሞ የብሔራዊ ኢንሹራንስ ተቋም መስመር *6050 ነው።

ወላጅን በመኖሪያ ቤት ማስገባት የልጆችን ኃላፊነት አያስቀርም። ቤቱ እንክብካቤ ይሰጣል፤ የወላጁን ስም፣ ታሪክና ወግ ለቤቱ የሚያስተዋውቁት ግን ልጆቹ ናቸው።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ መረጃ የተዘጋጀ ነው። መብትን የሚወስኑት ሕጉና ደንቦቹ ናቸው።