ስለ አውቶሞቢል መድን
በካሣ ክርክር ጊዜና ወደ ሌላ ኩባንያ በመዛወር ጊዜ ሊደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ

አውቶሞቢል በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ መንገዱ ሁሉ የእርሱ ብቻ ነበረ፤ ፊት ለፊት መጥቶ የሚጋጨው ሌላ አውቶሞቢል አልነበረምና። ዛሬ ግን መንገዱ በመኪና ብዛት ጠቦ፥ ጠዋት በደኅና ከቤቱ የወጣ ባለመኪና ማታ በደኅና መመለሱን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ራሱ ቢጠነቀቅ ሌላው ላይጠነቀቅ ይችላል፤ ሌላውም ቢጠነቀቅ ዝናቡና ጭጋጉ፥ የመንገዱም ጠመዝማዛነት አደጋ ያመጣል። እንግዲህ አደጋን ፈጽሞ ማስቀረት ለሰው ልጅ ካልተቻለ፥ የአደጋውን ሸክም ለብዙ ሰው ማካፈል የብልኆች ሥራ ነው። መድን የሚባለውም ይህ ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። እድርተኞች በየወሩ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ አዋጥተው ኀዘን የደረሰበትን ጎረቤት እንደሚረዱ፥ እንዲሁም ብዙ ባለመኪናዎች በየዓመቱ የሚከፍሉት ገንዘብ ተጠራቅሞ ጉዳት የደረሰበትን አንዱን ያነሣዋል። ይህም ክፍያ አረቦን ይባላል፤ ቃሉ ከግዕዝ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው መያዣ ማለት ነው። መያዣ የሰጠ ሰው በምላሹ ቃል ኪዳን ይቀበላል፤ ቃል ኪዳኑም በውል ተጽፎ በሁለቱም ወገን ይፈረማል። በእድርና በመድን መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ እድር በመተዋወቅና በይሉኝታ ይተዳደራል፥ መድን ግን በተጻፈ ውል ይተዳደራል። በካሣ ክርክር ጊዜ ብዙ ሰው የሚጎዳው ይህን ልዩነት ባለማስተዋል ነው።

የፍርዱ ነገር ከጥንት ጀምሮ የታሰበበት ነው። በኦሪት ዘፀአት በ21ኛው ምዕራፍ የአንዱ ሰው በሬ የሌላውን በሬ ወግቶ ቢገድል፥ በሕይወት ያለው በሬ ተሸጦ ዋጋውን ሁለቱ ባለቤቶች እኩል እንዲካፈሉ፥ የሞተውንም እንደዚሁ እንዲካፈሉ ተደንግጓል፤ ነገር ግን በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ ታውቆ ባለቤቱ ያልጠበቀው እንደ ሆነ፥ በሬ ስለ በሬ ይተካል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2084 ላይ ሁለት መኪናዎች በተጋጩ ጊዜ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደ ሆኑ ተቆጥሮ የጉዳቱን ኪሣራ በየእኩሌታው እንዲሸከሙ፥ ጥፋቱ ፈጽሞ ወይም በብዛት የአንደኛው ሾፌር መሆኑ በማስረጃ ሲታወቅ ግን ይህ እንዲቀር ያዝዛል። ደግሞም በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኀላፊ ነው። ስለዚህ «እኔ አልነዳሁም፤ የነዳው ሾፌሬ ነው» የሚል መልስ ባለቤቱን ከዕዳ አያወጣውም።

መንግሥትም ይህን ተመልክቶ፥ መንገደኛውና ሌላው ሰው ያለ ካሣ እንዳይቀር፥ የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው መኪና በመንገድ ላይ እንዳይነዳ በአዋጅ ከለከለ። አዋጁ መጀመሪያ በ2000 ዓ.ም. ወጣ፤ በኋላም በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። ገጭቶ ባመለጠና ባልታወቀ መኪና፥ ወይም መድን በሌለው መኪና የተጎዳ ሰውም የሚካስበት የመድን ፈንድ ተቋቋመ። ይህ ግዴታ የሆነው መድን ለሌላው ሰው ጉዳት ነው እንጂ ለራስ መኪና አይደለም። የራሱንም መኪና ከግጭት፥ ከመገልበጥ፥ ከእሳትና ከስርቆት ሊያስጠብቅ የሚወድ ሰው ሙሉ መድን ይገባል። ክርክር የሚበዛውም በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ የሚኒባስ ባለቤት ይታሰብ። ይህ ሰው ብዙ ዓመት ደክሞ ባጠራቀመው ገንዘብ ሚኒባሱን ገዛ፤ ቤተ ሰቡም የሚተዳደረው በእርስዋ ገቢ ነው። ሙሉ መድን ገባላት፤ የውሉን ወረቀት ግን ሳያነብ ሣጥን ውስጥ ከተተው። አንድ ቀን ማታ ሾፌሩ ከአንድ የጭነት መኪና ጋራ ተጋጨ። ሰው አልተጎዳምና ሁለቱ ሾፌሮች ተነጋግረው፥ የጭነት መኪናው ሾፌር «አሠራልሃለሁ» ብሎ በቃሉ ተስፋ ሰጠ፤ የትራፊክ ፖሊስም ሳይጠራ መኪናዎቹ ከቦታቸው ተነሡ። ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ያ ሰው ቃሉን አጠፈ። ባለሚኒባሱ ወደ መድን ኩባንያው ቢሄድ «ጊዜው አልፏል፤ የፖሊስም ማስረጃ የለም» የሚል መልስ አገኘ። እርሱም ተቈጥቶ ውሉን ተወና አነስተኛ አረቦን ወደሚያስከፍል ወደ ሌላ ኩባንያ ተሻገረ። በአዲሱ ማመልከቻ ላይ «ከዚህ ቀደም አደጋ ደርሶ ያውቃልን?» ለሚለው ጥያቄ «የለም» ብሎ ጻፈ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሚኒባስዋ በዝናብ ተንሸራታ ከድልድይ ጋራ ተላተመች። አዲሱ ኩባንያ ሲመረምር የፊተኛውን አደጋ አገኘ፤ ሐሰት ተጽፎልኛል ብሎም ካሣውን ከለከለ። እንዲህ ሆኖ ሰውየው ሁለት ጊዜ አረቦን ከፍሎ ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ሚኒባስዋ በጋራዥ ስትቆም የልጆቹም እንጀራ አብሮ ቆመ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው።

ይህ ሰው ክፉ አይደለም፤ የተጎዳው ባለማወቅና በቍጣ ነው። የንግድ ሕግ ስለ መድን የደነገገው ቢነገረው ኖሮ ከሁለቱም ኪሣራ በዳነ ነበር። ያ ሕግ በ1952 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣም የመድኑ ክፍል እንደ ጸና ቆይቷል። በዚህ ሕግ መሠረት አደጋ የደረሰበት ሰው ነገሩን ባወቀ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው ማስታወቅ አለበት። እንዲሁም አንድ ሰው መድን በሚገባበት ጊዜ ስለ አደጋው ግምት የሚያስፈልገውን እውነት ሁሉ ሊናገር ይገባዋል፤ አውቆ ቢደብቅ ወይም ሐሰት ቢናገር ውሉ ይፈርሳል፥ የከፈለውም አረቦን አይመለስለትም።

ሌላም የክርክር ምንጭ አለ፤ ይኸውም የመኪናው ዋጋ ነው። ብዙ ሰው አረቦኑ እንዲያንስለት መኪናውን ከእውነተኛ ዋጋው አሳንሶ ያስገባል፤ ወይም ከብዙ ዓመት በፊት የተጻፈውን ዋጋ ሳያሻሽል በየዓመቱ ያድሳል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ እጅግ ስለ ጨመረ የድሮው ግምት ለዛሬው አይበቃም። 2,000,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ1,000,000 ብር ብቻ መድን ቢገባለትና የ300,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት፥ ኩባንያው የሚከፍለው 150,000 ብር ያህል ነው፤ ለቀረው እኩሌታ ባለቤቱ ራሱ የራሱ መድን ሰጪ እንደ ሆነ ይቈጠራልና። ከዚህም ላይ በውሉ የተጻፈው የባለቤቱ ድርሻ ይቀነሳል። ባለቤቱ «ሙሉ መድን ገብቼ ግማሽ ተከፈለኝ» ብሎ ያዝናል፤ ነገር ግን ሙሉ የተባለው የአደጋው ዓይነት ነው እንጂ ዋጋው ሙሉ አልነበረም። በግል መኪናነት የተመዘገበውን ለኪራይ ማሠራት፥ ተገቢ መንጃ ፈቃድ ለሌለው ሾፌር መስጠት፥ ከልክ በላይ መጫንም እንዲሁ ክርክርን የሚያመጡ ናቸው።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ጥፋቱ ዘወትር የመድን ገቢው ነው ማለት አይደለም። አረቦን ሲቀበል ፈጣን፥ ካሣ ሲከፍል ዘገምተኛ የሆነ ኩባንያ ውሉን በፊደል ቢጠብቅ እንኳ በመንፈሱ አፍርሶታል። ባለጉዳዩን ዛሬ ገማቹ የለም፥ ነገ ፋይሉ ጠፋ፥ ከነገ ወዲያ የጋራዥ ዋጋ ማቅረቢያ እንደ ገና ይምጣ እያሉ ማመላለስ ካሣውን ከመከልከል አይለይም። በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ያገር ውስጥ የመድን ኩባንያ ከተቋቋመ፥ በ1967 ዓ.ም. ኩባንያዎቹ ሁሉ ወደ መንግሥት ከተዛወሩ፥ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ለግል ባለሀብቶች በሩ ከተከፈተ ወዲህ፥ የኩባንያዎች ቍጥር በዝቶ መወዳደሪያቸው የአረቦን ማነስ ብቻ ሊሆን አይገባውም። እውነተኛው መወዳደሪያ በአደጋ ቀን የሚገኝ ታማኝነት ነው።

እንግዲህ ክርክር የገጠመው ሰው ሊያደርገው የሚገባው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ መኪናው ከቦታው ሳይነሣ የትራፊክ ፖሊስ ያስጠራ፤ የቦታውንና የሁለቱን መኪናዎች ፎቶግራፍ ያንሣ፤ የምስክሮችን ስም ይጻፍ። የመድን ኩባንያው ሳያውቅም «ጥፋቱ የእኔ ነው፥ እከፍላለሁ» ብሎ ከማንም ጋራ አይዋዋል። ሁለተኛ፥ ለኩባንያው የሚያቀርበውን ሁሉ በጽሑፍ ያቅርብ፥ የተቀበሉበትንም ማኅተምና ቀን ያስቀር፤ በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጻፍ ያለ ይወረሳልና። ሦስተኛ፥ ካሣው ቢከለከል ወይም ቢቀነስ ምክንያቱንና የተጠቀሰውን የውል አንቀጽ በጽሑፍ ይጠይቅ። የኩባንያው ግምት አንሷል ቢል ከሌላ ጋራዥ የዋጋ ማቅረቢያ አምጥቶ በቍጥር ይከራከር፤ በቍጣ የጮኸ ሰው ጥቂት ያተርፋል፥ በቍጥር የተከራከረ ግን ይደመጣል። አራተኛ፥ ከቅርንጫፉ መልስ ቢያጣ ለዋናው መሥሪያ ቤት፥ ከዚያም የመድን ኩባንያዎችን ለሚቈጣጠረው ለብሔራዊ ባንክ ያመልክት። በውሉ የሽምግልና ዳኝነት ተጽፎ እንደ ሆነ በዚያ፥ አለዚያም በፍርድ ቤት መብቱን ይጠይቅ። ነገር ግን ከመድን ውል የሚነሣ ክስ በ2 ዓመት እንደሚታገድ አይርሳ፤ ደብዳቤ ሲጻጻፉ ዓመታቱ እንዳያልፉበት ቀኑን ይቍጠር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ኩባንያውን ሊለውጥ የወደደ ሰው መብቱ ነው፤ ሆኖም ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፥ መዛወሩ በዝግታ ይሁን። ከሁሉ የሚሻለው የውሉ ዘመን ሲፈጸም መዛወር ነው፤ በመካከል ቢያፈርሰው ኩባንያው የሚመልስለት ገንዘብ ከቀሩት ወራት ሒሳብ ሊያንስ ይችላልና። አዲሱ ውል ተፈርሞ የምስክር ወረቀቱ በእጁ ሳይገባ የፊተኛውን አይተው፤ በሁለቱ መካከል አንዲት ቀን ባዶ ብትቀር አደጋ የሚደርሰው በዚያች ቀን ሊሆን ይችላል። መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ እንደ ሆነም ባንኩን አስቀድሞ ያስፈቅድ። ከፊተኛው ኩባንያ ያለፉትን ዓመታት ታሪክ የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠይቅ፤ አደጋ ሳይደርስበት የኖረ ሰው በዚህ ደብዳቤ የአረቦን ቅናሽ ያገኛል፥ አደጋ የደረሰበትም እውነቱን ተናግሮ ጥቂት ቢጨምር ይሻለዋል። በፊተኛው ውል ዘመን የደረሰው አደጋ የሚጠየቀው ከፊተኛው ኩባንያ ብቻ ነውና፥ በመዛወሩ ምክንያት መብቱ የጠፋ መስሎት ክርክሩን አይተው።

ደግሞም ኩባንያ በሚመርጥበት ጊዜ «አረቦኑ ስንት ነው?» ብሎ ብቻ አይጠይቅ፤ «ካሣ በስንት ቀን ትከፍላላችሁ? ለመለዋወጫ እርጅና ትቀንሳላችሁን? የባለቤቱ ድርሻ ስንት ነው? መኪናው የሚሠራው በየትኛው ጋራዥ ነው?» ብሎም ይጠይቅ። መልሱን በውሉ ላይ ይፈልገው፤ በውሉ ያልተጻፈ ተስፋ በአደጋ ቀን አይገኝምና።

መድን የሚሸጥና የሚገዛ ዕቃ ቢመስልም በእውነቱ በሁለት ሰዎች መካከል የሚቆም ቃል ኪዳን ነው። አንዱ ወገን እውነቱን ሳይደብቅ ሲናገር፥ ሌላውም የተናገረውን ሳያዘገይ ሲፈጽም ጸንቶ ይኖራል። ከሁለቱ አንዱ ቢያጓድል ግን የሚጎዳው ያ ብቻ አይደለም፤ አረቦኑን በታማኝነት የከፈለው ብዙ ሕዝብና በመንገድ ዳር የሚሄደው መንገደኛም ይጎዳል። ስለዚህ ባለመኪና ሁሉ በሣጥን ያስቀመጠውን የውል ወረቀት ከአደጋ በፊት አውጥቶ ያንብበው፤ ከአደጋ በኋላ ማንበብ ኀዘንን ያበዛል እንጂ ካሣን አያበዛም።