በጋሞ ምድር የተቀበረ ገንዘብና የብረት መፈለጊያው መሣሪያ

በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰዎች የዕረፍት ቀናቸውን የሚያሳልፉት በእጅ የሚያዝ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዘው እርሻውንና የባሕሩን ዳር በማሰስ ነው። የሚፈልጉትም የወደቀ ቀለበት፥ የጠፋ ቁልፍ፥ ከሁሉም ይልቅ የጥንት ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በእንግሊዝ አገር ሆክስን በተባለች መንደር አንድ ሰው የወዳጁን የጠፋ መዶሻ ሊፈልግ መሣሪያውን ይዞ ወጥቶ፥ ወደ 15,000 የሚጠጋ የሮማውያን ገንዘብ ከብዙ የወርቅና የብር ዕቃ ጋራ ተቀብሮ አገኘ። ሰውየው ሁሉን ቆፍሮ ከማውጣት ተቆጥቦ ወዲያው ስላስታወቀ፥ የጥንተ ነገር ሊቃውንት በማግሥቱ መጥተው ዕቃው በሣጥኑ ውስጥ እንዴት እንደ ተደረደረ ለማየት ቻሉ። መዶሻውም አልጠፋም፤ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።

የመሣሪያው አሠራር ምሥጢር የለበትም። በበትሩ ጫፍ ባለው ክብ ሰሐን ውስጥ የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሏል፤ በሽቦው ውስጥ አቅጣጫውን እየለዋወጠ የሚሄድ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ በዙሪያው የማግኔት ኃይል ይፈጠራል። ይህ ኃይል ከመሬት በታች ካለ ብረታ ብረት ሲደርስ በዕቃው ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ያስነሣል፤ እርሱም በተራው የማግኔት መልስ ስለሚሰጥ ሌላው ሽቦ መልሱን ተቀብሎ ድምፅ ያሰማል። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 በፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ የቀረችውን ጥይት በእንዲህ ያለ መሣሪያ ለማግኘት ሞክሮ አልተሳካለትም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን መሣሪያው ተሻሽሎ ለፈንጂ መፈለጊያ ዋለ። አንድ ጠገራ የሚያህል ነገር ከስንዝር እጅግ ጠልቆ ከተቀበረ ድምፁ አይሰማም። ብረት የበዛበት ቀይ አፈርና የእሳተ ገሞራ ድንጋይም መሣሪያውን ያሳስተዋል፤ በጋሞ ደጋና በጫሞ ሐይቅ ዙሪያ እንዲህ ያለው አፈርና ድንጋይ ጥቂት አይደለም። የሐይቁን ዳር በተመለከተ ደግሞ የቁልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ የሚገባበት ስፍራ «የአዞ ገበያ» የሚል ስም ያገኘ ስለ ሆነ፥ አጎንብሶ አሸዋ ለመጎርጎር የሚመረጥ ቦታ አይደለም።

መሣሪያው ወደ ጋሞ ቢመጣ በቀላሉ ሊያገኘው የሚችለው ጠገራ ብር ነው። 1780 የሚል ቁጥርና የንግሥት ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፥ 28 ግራም የሚመዝነው ይህ ብር፥ በምኒልክ ዘመን ደቡቡ አገር በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ በግብርና በንግድ ምክንያት እየበዛ ሄደ። የዶርዜ ሸማኔዎችም ወደ አዲስ አበባ እየወጡ ጥበባቸውን ሲሸጡ ወደ አገራቸው ይዘውት ይመለሱ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ 1887 የሚል ዓመት ያለበትን የራሳቸውን ብር ከነአላዱ፥ ከነሩቡና ከነተሙኑ ቢያወጡም፥ ሕዝቡ የንግሥቲቱን ዕንቁ እየቆጠረ ጠገራውን መምረጡን አልተወም። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ብር ሲወጣ ነው ጠገራው ከገበያ መራቅ የጀመረው፤ ከዚያም ብዙው በአንጥረኛ እጅ ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆነ።

ታዲያ በጋሞ ጓሮ ብዙ ጠገራ ተቀብሮ ይገኛል ብሎ ተስፋ ማድረግ የአገሩን ሥርዓት ካለማወቅ ይመጣል። በጋሞ ደጋ ሀብት ያካበተ ሰው ክብር የሚያገኘው የሃላቃነትን ማዕረግ ተቀብሎ ለአገሩ ሰው ድግስ ሲደግስ ነበር። ለብዙ ዓመት የተጠራቀመው ገንዘብ ቅቤ፥ ሥጋና ጠላ ሆኖ በጎረቤቱ መካከል ይበተናል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ባለበት አገር ገንዘቡ ዋሻ ውስጥ ከሚገባ ይልቅ ሆድ ውስጥ የሚገባበት ጊዜ ይበዛል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። ጠገራ ከመምጣቱ አስቀድሞ በወላይታና በአካባቢው እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው «ማርጩዋ» የተባለ የብረት ቁራጭ ነበር። የጨው አሞሌም ነበር፤ አሞሌ ግን በአፈር ውስጥ ይሟሟል። ለመዝናናት የሚፈልጉት ሰዎች ደግሞ የዛገ ምስማርና የቆርቆሮ ቁራጭ ስለሚያታክታቸው፥ መሣሪያቸውን የብረትን ድምፅ እንዲያልፍ አድርገው ያስተካክሉታል። መሣሪያው በአማርኛ ብረት መፈለጊያ መባሉ ስለዚህ ትንሽ ያስቃል፤ እነርሱ የሚፈልጉት ወርቅን፥ ብርንና መዳብን ነው። በአክሱም ገበሬዎች ዝናም አፈሩን ካጠበው በኋላ የንጉሥ መልክ ያለበትን ገንዘብ ስለሚያገኙ፥ እዚያ ይህ ማስተካከያ ብዙ አይጎዳ ይሆናል። በጋሞና በወላይታ ግን ከአገሩ የተገኘውን ገንዘብ ሳይሰማ አልፎ፥ ከኦስትሪያ የመጣውን ብቻ ይሰማል። ከዚያም ማንም ቢሆን «በዚህ አገር ከጠገራ በፊት ገንዘብ አልነበረም» ብሎ ቢጽፍ፥ ስሕተቱ ከመሣሪያው እንደ ተጀመረ አያውቀውም። ቁራጩ ቢገኝ እንኳ ከተሰበረ ማረሻ ለመለየት፥ ብረት አቅልጦ የሚቀጠቅጠው ባለሙያ ያስፈልጋል፤ እርሱም በአገሩ ሥርዓት ለረጅም ዘመን መሬት እንዳይዝና ከሌላው ጋራ እንዳይጋባ ተከልክሎ የኖረ ወገን ነው።

በዘፈቀደ መቆፈርም በጋሞ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። የሸንጎው ስፍራ ዱቡሻ፥ የተከበሩት ደኖችና መቃብሮች የሚጠበቁት በአጥር ሳይሆን በጎሜ ነው፤ ጎሜ ማለት የተከለከለውን በመተላለፍ የሚመጣ መከራ ነው። ይህ እምነት አፈሩን ከብዙ አካፋ አድኖታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዎች በሞታ ዋሻ የቆፈሩት በአካባቢው ሽማግሌዎች ተመርተው ሲሆን፥ ከድንጋይ ክምር በታች ያገኙት ሰው ከ4,500 ዓመት በፊት የኖረ ነበር፤ «ባይራ» ብለው ጠሩት፥ በኩር ማለት ነው። ከአጥንቱ የተገኘው የዘር መረጃ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ፤ ከአፍሪቃ የጥንት ሰው የተሟላ የዘር መረጃ ሲገኝም የመጀመሪያው ነበር። በመሣሪያ ብር የሚፈልግ ሰው ቀድሞ ገብቶ ድንጋዩን አፍርሶት ቢሆን፥ ብረት የሌለበት ይህ መቃብር ለእርሱ ባዶ ጉድጓድ ይሆን ነበር።

ሕጉም ከዚህ ጋራ ይስማማል። የጥንት ዕቃዎችን ስለ መጠበቅ በ1958 ዓ.ም. በቁጥር 229 አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ በኋላም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል። በእርሻ፥ በቤት ሥራ ወይም በመንገድ ሥራ ላይ በድንገት ያገኘ ሰው ግን አያስቀጣውም፤ ያገኘውን ወዲያው ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅና ዕቃው እስኪረከቡት ድረስ እንደ ነበረ ጠብቆ እንዲያቆይ ያዝዛል። «እንደ ነበረ» የሚለው ቃል ለሊቃውንቱ ከዕቃው ዋጋ አይተናነስም፤ ጠገራው ከየትኛው አፈር፥ ከምን በታች፥ ከምን አጠገብ እንደ ወጣ ካልታወቀ፥ በመርካቶ በሚዛን ከሚሸጠው ጠገራ የሚለይበት ነገር የለም።