ሁለት ስፒከር ያለው ትንሽ አምፕ ስትገዙ

በመዖኖት ክፍሉ የሚለማመድ፣ ሰንበት ሲወጣ ደግሞ በዘመድ ዝግጅት ጊታር ወይም ክራር የሚጫወት ተማሪ ኪሱ የሚችለው አንድ አምፕ ነው። ሻጩ «ይሄኛው ስቴሪዮ ነው» ብሎ ዋጋውን ሲጨምር ስቴሪዮው ለማን እንደሚጠቅም ማወቅ አለበት።

በአንድ ሣጥን ውስጥ ያሉት ሁለት ስፒከሮች በጣም የተቀራረቡ ናቸው። ፊት ለፊት ተጠግታችሁ ስትቀመጡ ግራና ቀኙ ይለያል፤ አዳራሽ መሃል ለቆመ እንግዳ ግን ድምፁ ከአንድ ቦታ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጥቅሙ በብዛት የተጫዋቹ ነው፤ በጆሮ ማዳመጫ ደግሞ ይበልጥ ይሰማል።

ኮረስ ግን ከዚህ ይለያል። ከ1975 ጀምሮ የሚታወቀው የሮላንድ ጄሲ-120 በአንዱ ስፒከር ንጹሑን ድምፅ፣ በሌላው ጥቂት ዘግይቶ የሚወዛወዘውን ይለቃል፤ የሚቀላቀሉት አየር ላይ ነው። ታናሹ ጄሲ-22 ያንኑ በ30 ዋት ይሠራል፤ ለትንሽ አዳራሽ እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

የያማሃ ቲኤችአር10 ለክፍል ግሩም ነው፤ ከበሮና ጭብጨባ ሲነሳ ግን 10 ዋቱ ይዋጣል። በ6 ትናንሽ ባትሪ የሚሠራው የሮላንድ ኪውብ ስትሪትም 5 ዋት ብቻ ስለሆነ ለፓርክ ነው የሚሆነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ጀርባውን እዩ። ላይን አውት ካለው ከአዳራሹ ሚክሰር ጋር ይገናኛል፤ ያኔ ዋቱ ብዙም አያሳስብም። ለኪቦርድ ከሆነ የግራና የቀኝ መግቢያ እንዳለው አረጋግጡ። ክራር የምትጫወቱ ደግሞ ክራራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ለኤሌክትሪክ ጊታር የተሠራ አምፕ ድምፁን ሊያሾለው ይችላል።